የጭፈራ ዘፈን ክሊፕ ሲሠራ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ለጭፈራ ዘፈን ክሊፕ ሲሠራ ገንዘቡ በአብዛኛው የሚያልቀው በመኪና፣ በአልባሳትና በመቅረጫ ቦታ ኪራይ ነው፤ ክሊፑን የሚያበላሹት ስህተቶች ግን ቢታረሙ እምብዛም ወጪ የሚጠይቁ አይደሉም።

ከሁሉም የከፋው የውዝዋዜውን ዋና አካል ከምስሉ ውጭ ማስቀረት ነው። እስክስታ ጉልበቱ ትከሻና ደረት ላይ ስለሆነ ከወገብ በላይ ቢቀረጽ ያምርበታል። ጉራጊኛ ግን እግር ካልታየበት ምኑም አይቀርም፤ ተወዛዋዡ መሬቱን ሲረግጥ ካላየን የሚተርፈን ላቡ ብቻ ነው። ኤዲተሩ በየምቱ ምስል የሚቀያይር ከሆነ ደግሞ አንድም እንቅስቃሴ ተጀምሮ ሲያልቅ ሳናይ ዘፈኑ ያበቃል። ኦኬ ጎ የተባለው የአሜሪካ ባንድ በ2006 እ.ኤ.አ. በስምንት የመሮጫ ማሽኖች ላይ የጨፈረበት ክሊፕ፣ ካሜራው ከቦታው ሳይነቃነቅ አንድ ጊዜም ሳይቆረጥ የተቀረጸ ሲሆን በቀጣዩ ዓመት የግራሚ ሽልማት አግኝቷል። እዚያ ላይ ሥራውን የሠራው ልምምድ ነው።

ሌላው፣ ብዙዎች ልብ የማይሉት፣ የድምፅ ማጉያው የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ገላጣ ሜዳ ላይ ከማጉያው 30 ሜትር ርቀው የቆሙ ተወዛዋዦች ምቱን የሚሰሙት ማጉያው አጠገብ ያለው ዘፋኝ ከሰማው በኋላ ነው፤ ልዩነቱ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) በሚቀርጽ ካሜራ ከሁለት ፍሬም በላይ ስለሚሆን የኋላው ረድፍ ያልተለማመደ ይመስላል። ማጉያውን ለሁሉም እኩል ወደሚቀርብ ቦታ ማዛወር ይበቃል።

በስሎው ሞሽን የሚዘፈንበት ምስል ሲፈለግ በ50 ፍሬም ተቀርጾ በ25 ይጫወታል። በቀረጻው ወቅት ዘፈኑ በእጥፍ ፍጥነት ካልተከፈተ ግን የዘፋኙ ከንፈር ከቃሉ ጋር አይገጥምም። ዘፋኙም በዚያ ፍጥነት መዝፈንን አስቀድሞ ሊለማመድ ይገባል፤ ግጥሙ ጥድፊያ የሚበዛበት ከሆነ አንደበት መተሳሰሩ አይቀርም። ምሽት ክበብ ውስጥ ሲቀረጽ፣ የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ኸርዝ ስለሆነ ሹተሩን (ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ላይ ማድረግ አብዛኛውን የመብራት መርገብገብ ያስቀራል።

ክሊፑ እንዲያስቅ ሲፈለግ ደግሞ የቀልዱ ነገር ይበልጥ ከባድ ነው። ግጥሙ አበባ ሲል አበባ፣ መንገድ ሲል መንገድ ማሳየት ስንፍና ነው፤ ተመልካቹ ቃሉን በጆሮው ሰምቶታል። ከዚህም የሚብሰው ዘፋኙ በራሱ ቀልድ መሳቁ ነው። ደቡብ ኮሪያዊው ሳይ በ2012 እ.ኤ.አ. በ«ጋንግናም ስታይል» ያሳቀን፣ ዘንጦና ፊቱን ኮስተር አድርጎ በፈረስ ጋጣ ውስጥ ሳይቀር ትልቅ ጉዳይ የያዘ ሰው መስሎ በመጨፈሩ ነው፤ ክሊፑም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በዩቲዩብ አንድ ቢሊዮን ጊዜ በመታየት የመጀመሪያው ሆኗል። ስለዚህ በቀረጻ ላይ ዘፋኙን ሳቅ ካመለጠው፣ ምስሉ ምንም ያህል ቢያምር ተትቶ ኮስተር ያለበት ሊመረጥ ይገባል።