ከመጣላችን በፊት፦ ቤት ውስጥ የምንሠራቸው የቆሻሻ አያያዝ ስህተቶች

ቅዳሜ ጠዋት «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ሰፈራችን ውስጥ ጓዳውን የማይፈትሽ የለም። «ቆርቆሮ ያለው» ከማለት የመጣ ጥሪ ነው። ዛሬ ግን ቆርቆሮ ብቻ ሳይሆን ጠርሙስ፣ ጀሪካን፣ አሮጌ ጫማ ሁሉ ይገዛሉ። አንድ ቅዳሜ እኔም ማዳበሪያ ሙሉ ሃይላንድ ይዤ ወረድኩ። ልጁ የማዳበሪያውን አፍ ፈታ። እጁን ከተተና ቶሎ መልሶ አወጣው። ጣቶቹ ላይ ሽሮ ነበር። የሽንኩርት ልጣጭም ተለጥፎበታል። «እትዬ፣ ይሄ አይሆንም» ብሎኝ መንገዱን ቀጠለ።

ማዳበሪያውን ተሸክሜ ወደ ገንዳው ስሄድ አንድ ነገር ገባኝ። ሃይላንዱን ቆሻሻ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ለየብቻው ቢሆን ዕቃ ነበር።

ሁሉንም አንድ ባልዲ ውስጥ መጨመር

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከቤት ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነው፤ ልጣጭ፣ የምግብ ትራፊ፣ የቡና አተላ። እርጥቡ ደረቁን ያበላሸዋል። ወጥ የነካው ካርቶን ማንም አይፈልገውም። ሽሮ የተላከከበት ሃይላንድም እንደዚያው።

መፍትሔው ሁለት ዕቃ ነው። አንዱ ለእርጥብ፣ አንዱ ለደረቅ። አንድ የዘይት ጀሪካን አፉን ቆርጦ እርጥቡን እዚያ ማድረግ ይበቃል። ሃይላንዱን በመጨረሻው የዕቃ ማጠቢያ ውኃ ለቅለቅ አድርጎ፣ ጨፍልቆ፣ ክዳኑን መግጠም። ለዚህ ንጹሕ ውኃ ማባከን አያስፈልግም።

«ምን ለውጥ ያመጣል?» ለሚል የአዲስ አበባውን ቆሻሻ መጣያ፣ ቆሼን፣ ላስታውሰው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ተራራ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከሥሩ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ቤተሰቦች ነበሩ። ያ ተራራ ለሃምሳ ዓመት ያህል ከየቤታችን በወጣ ባልዲ የተከመረ ነው። ይህን ሳስብ ባልዲዬን እንደ ድሮው ዘቅዝቄ መመለስ ያቅተኛል።

ከሰል በፌስታል ማቀጣጠል

ቶሎ ይያያዛል፣ አውቃለሁ። እናቴም ታደርገው ነበር። ግን የፕላስቲክ ጭስ መርዛማ ነው። ምድጃው ላይ ጎንበስ ብላ የምታራግበው ሴት ሁሉንም ትስበዋለች። ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃንም ጭምር። የደረቀ ካርቶን፣ ጭራሮ ወይም የባሕር ዛፍ ቅርፊት ያው ሥራ ይሠራል። ቆሻሻን ግቢ ውስጥ ማቃጠልም «ማስወገድ» አይደለም። ወደ ሳንባችን ማዛወር ነው።

በረኪና በሃይላንድ መያዝ

ዕቃን ደጋግሞ መጠቀም ጥሩ ነው። ሁሉም ዕቃ ግን ለሁሉም ነገር አይሆንም። የእህቴ ልጅ አራት ዓመቱ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ከመታጠቢያ ቤት ሃይላንድ ይዞ ወጣ። ክዳኑን ሊከፍት ይታገላል። ውስጡ በረኪና ነበር። ከእጁ ስነጥቀው እንዴት እንደጮኽኩ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ልጁ ምን አጠፋ? ለእሱ ሃይላንድ ማለት ውኃ ነው።

በረኪና፣ ላምባ፣ የሽንት ቤት አሲድ ፈጽሞ በመጠጥ ዕቃ አይያዙ። አንድ ሰው ከጠጣም ለማስመለስ መሞከር የለበትም፤ ሲመለስ ጉሮሮውን ድጋሚ ያቃጥለዋል። ወዲያው ሐኪም ቤት ነው። የፀረ ተባይ ጀሪካንም አሥር ጊዜ ቢታጠብ ለውኃ፣ ለዘይትም ሆነ ለጠላ አይሆንም።

ኮምፖስት ብሎ የሚሸት ክምር መሥራት

ብዙ ሰው ልጣጭና ቅጠል አበስብሶ ለተክል የሚሆን ኮምፖስት መሥራት ይጀምርና በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል። ሸተተ፣ ዝንብ ወረረው። ምክንያቱ አንድ ነው፤ እርጥብ ብቻ ነው የተጨመረው። አንድ እፍኝ ልጣጭ ሲጨመር ሁለት እፍኝ ደረቅ ነገር ይከተለው፤ የደረቀ ቅጠል፣ ሰጋቱራ ወይም የተቀዳደደ ካርቶን። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት አይግቡ። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ከታቹ የተበሳሳ አሮጌ ባልዲ ይበቃዋል። በሳምንት አንዴ ማገላበጥ ነው። የተጨመቀ ስፖንጅ ያህል ይርጠብ እንጂ ውኃ አያንጠባጥብ። በጥቂት ወራት ውስጥ ይጠቁርና ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል።

የቡና አተላን በቀጥታ ተክል ሥር መከመርም ጥሩ አይደለም። ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ይሆንና ውኃ አያሳልፍም። ከሌላው ጋር ሲበሰብስ ግን ግሩም ነው። የበረንዳዬ ጤና አዳምና ጎመን ምስክሮቼ ናቸው።

የፌስታልን ምትክ እንደ ፌስታል መጣል

ስስ ፌስታል ገና በ1999 ዓ.ም. አዋጅ ተከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ ጠበቅ አድርጎታል። አሁን ጨርቅ የሚመስሉት መያዣዎች በዝተዋል። ብዙዎቹ ግን ጨርቅ አይደሉም። ፖሊፕሮፕሊን የሚባል ፕላስቲክ ናቸው። በየግዢው አዲስ እየተቀበልን ከጣልናቸው ምንም አልቀነስንም። የእናቶቻችን ዘንቢል ስንት ዓመት ያገለግል ነበር? አንድ ጠንካራ መያዣ በር ላይ ይሰቀል፤ ስንወጣ እናነሳዋለን።

«ይጠቅማል» እያሉ ማከማቸት

አልጋ ሥር ያለ ባዶ ቆርቆሮ እየተጠቀምንበት አይደለም። ለልዋጭ ወይም ለቆራሌው እንስጠው። መርካቶ ሚናሌሽ ተራ የሄደ ሰው ያውቃል፤ እኛ የጣልነው በርሜል እዚያ ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፣ ጣሳው ኩራዝ ይሆናል። እኛ ጋ የተቀመጠው ግን ዝገትና የአይጥ መደበቂያ ነው የሚሆነው።

ስብርባሪን እንዲሁ መጣል

ለብዙዎቻችን የማይታየን ስህተት ይሄ ነው። የሰፈራችንን ቆሻሻ የምትሰበስበው ሴት አንድ ማክሰኞ አውራ ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። ደሙ ጨርቁን አልፏል። «ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት። «ብርጭቆ ነው፤ ከየትኛው ቤት እንደሆነ እንጃ» አለችና ማዳበሪያውን በሌላው እጇ አነሳችው።

ከእኔ ቤት ይሆን ብዬ ሳስብ ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ ስብርባሪና ምላጭ ካርቶን ውስጥ ከትቼ፣ በፕላስተር አሽጌ፣ ለብቻው በእጇ እሰጣታለሁ።