የሶሻል ወርክ ተማሪ የመጀመሪያ የቤት ጉብኝት

ሶሻል ወርክ (ችግር ላይ ያሉ ሰዎችንና ቤተሰቦችን የመደገፍ ሙያ) የሚማር ሰው ሙያውን የሚይዘው በመስክ ልምምድ ነው። ሥራ ሲፈልግም የሚያቀርበው እዚያ የያዛቸውን ጉዳዮች ነው። ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው በመጀመሪያው የቤት ጉብኝት ስለሆነ እዚያ ላይ እንቆያለን።

አስቀድሞ ግን አንድ ነገር። የአዲስ አበባው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በ1959 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ፣ በደርግ ዘመን ተዘግቶ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. በማስተርስ ደረጃ እንደገና ተጀመረ። የዚያ ክፍተት ውጤት ዛሬም አለ፤ በምትመደቡበት ቦታ የሚቆጣጠራችሁ ሰው የተማረው ሶሲዮሎጂ፣ ሕግ ወይም ነርሲንግ ሊሆን ይችላል። ከልምዱ ብዙ ትማራላችሁ። ለሙያው ሥነ ምግባርና ለአመዘጋገቡ ግን ከዩኒቨርሲቲው አማካሪያችሁ ጋር በሳምንት አንድ ሰዓት ቋሚ ቀጠሮ ያዙ፤ አለዚያ ፋይል ስትደረድሩ ሴሚስተሩ ያልቃል።

ከመሄዳችሁ በፊት ፋይሉን አንብቡ። ቤተሰቡ ለሦስት ቢሮ የተናገረውን ሐዘን ለአራተኛ ጊዜ አታስደግሙት። የትብብር ደብዳቤ ያዙ፣ ሠፈሩን ከሚያውቅ ሰው ጋር ሂዱ፣ የምትመለሱበትን ሰዓት ለቢሮ ንገሩ። ዓርማ የተለጠፈበት መኪና በር ላይ አታቁሙ፤ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ የጎረቤቱን ጥያቄ የሚመልሰው ቤተሰቡ ነው።

ቤት ስትገቡ ሰላምታ አታሳጥሩ። ቡና ከተፈላ ጠጡ፤ ፎርሙ ከቦርሳ አይውጣ። ፎርም ከታየ የእርዳታ ምዝገባ የመጣ ይመስላል፤ ያን ጊዜ ሠርቶ የሚያስገባው ልጅ ይደበቃል፣ የጎረቤት ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ይቆጠራል። ችግር ያስተማረው ጥንቃቄ ነውና አትፍረዱበት። ገና ስትቀመጡ እንዲህ በሉ፦ “እማማ፣ እኔ ተማሪ ነኝ፤ እርዳታ የምመዘግብ አይደለሁም። የሚነግሩኝን ከእኔና ከኃላፊዬ በቀር ማንም አያየውም። ልጅ የሚጎዳ ነገር ካለ ግን ዝም ማለት አልችልም።”

“ምግብ ይበቃችኋል?” ብላችሁ ብትጠይቁ “ተመስገን” ትባላላችሁ። “ትናንት ጠዋት ምን ተበላ? ምሳስ? ማታስ?” በሉ። ስለ እድርም ጠይቁ። የእድር መዋጮ ያቋረጠ ቤት ብዙ ጊዜ ሰው እየራቀው ያለ ቤት ነው፤ መቼና ለምን እንዳቋረጠ ማወቅ ከገቢው መጠን የበለጠ ይነግራችኋል። ቢሮ ስትመለሱ ይህን በሥዕል አውጡት፦ መሃል ላይ ቤተሰቡን በክብ፣ በዙሪያው እድሩን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ጤና ጣቢያውን፣ ዓረብ አገር ያለችውን ልጅ። ጠንካራውን ግንኙነት በወፍራም መስመር፣ የላላውን በነጠብጣብ፣ ጠብ ያለበትን በዚግዛግ አገናኙ። የድጋፍ እቅዳችሁን ከነጠብጣቦቹ ጀምሩ።

ልጅ ተደፍሯል የሚል ጥርጣሬ ከተነሣ ጥያቄ አታብዙ። ሕፃን ለአምስት ሰው አምስት ጊዜ ሲናገር ቁስሉ ይታደሳል፤ ቃሉም ፍርድ ቤት ሲደርስ ይዳከማል። የተናገረውን በራሱ ቃል ጻፉ፣ ወዲያው ለተቆጣጣሪያችሁ አሳውቁ፤ ልጁ በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው ዓይነት ሕክምናው፣ ፖሊሱና ምክሩ በአንድ ቦታ ወደሚገኝበት ማዕከል ይድረስ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በተቻለ መጠን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መጀመር አለበትና ዓርብ ከሰዓት የሰማችሁትን ለሰኞ አታሳድሩ።

ማስታወሻውን በዚያው ቀን ጻፉ። ያያችሁትን፣ የሰማችሁትንና የገመታችሁትን ለያዩ። “እናትየው ግድ የላትም” ግምት ነው፤ “ሦስት ልጆች በአንድ ፍራሽ ይተኛሉ፣ ታናሹ ያስላል፣ እናትየው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለጉልት ትወጣለች” ያያችሁትና የሰማችሁት ነው። ሁለተኛውን ያነበበ የመጀመሪያውን አይጽፍም። በስም ፋንታ ኮድ ተጠቀሙ፤ ስልካችሁ ላይ የቤተሰቡን ፎቶ አታስቀሩ።

የልምምድ ሰዓታችሁን በየሳምንቱ አስፈርሙ። በአሜሪካ እውቅና ያለው የሶሻል ወርክ ትምህርት ለመጀመሪያ ዲግሪ ቢያንስ 400፣ ለማስተርስ ቢያንስ 900 የመስክ ሰዓት ይጠይቃል፤ እዚያ ዲግሪውን ሊያስገመግም የሚያስብ ሰው ከዓመታት በኋላ ፊርማ ፍለጋ እንዳይንከራተት።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ሳይሰናበቱ መጥፋት የተለመደ ጥፋት ነው፤ ተማሪውን አምኖ የተናገረ ቤት ለቀጣዩ በሩን ይዘጋል። የመጨረሻውን ቀን ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ ለቤተሰቡ ንገሩ። በመጨረሻው ጉብኝት ጉዳዩን የሚረከበውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ምን እንዳለቀና ምን እንደቀረ ቤተሰቡ በተቀመጠበት አስረክቡት።