በአዳሪ ትምህርት ቤት ኮምፖስትን በተግባር ማስተማር

የአዳሪ ትምህርት ቤት ምግብ ቤት በየቀኑ የጎመን ቆሻሻ፣ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ ያወጣል፤ ተማሪውም ቅዳሜ እሑድ ግቢው ውስጥ ነው። ለ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ ከዚህ የተሻለ ቤተ ሙከራ አይገኝም። ኮምፖስቱን፣ ማለትም ከዚህ ተረፈ ምርት በስብሶ የሚገኘውን ማዳበሪያ፣ ዝናቡ ሲያበቃ፣ ጥቅምት ላይ ጀምሩ፤ ጥር መጨረሻ ገደማ ይደርሳል።

ሦስት ቡድን መድቡ፤ በየቡድኑ 5 ወይም 6 ተማሪ ይበቃል። እያንዳንዱ ቡድን ጥላ ሥር፣ ርዝመቱም ወርዱም ከፍታውም 1 ሜትር የሆነ ክምር ይሥራ። ከዚያ ካነሰ ሙቀት አይይዝም። በ20 ሊትር ባልዲ ከ50 በላይ ስለሚፈጅ ልጣጩን ቀድማችሁ በጆንያ አጠራቅሙ፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚጨመርበት ክምር አይሞቅም። አንደኛው ቡድን ለ1 ባልዲ እርጥብ 2 ባልዲ ጭድና የረገፈ ቅጠል እያነባበረ ይከምር፤ በየ10 ቀኑም በመንሽ ያገላብጥ። ሁለተኛው 2 እርጥብ ለ1 ደረቅ አድርጎ እንዲሁ ያገላብጥ። ሦስተኛው እንደ አንደኛው ከምሮ ጨርሶ አይንካው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ ስለማይበሰብስ ይቅር። የበሰለ ምግብና አጥንት አይጥ ይጠራሉ፣ ሌሊት ደግሞ ጅብ።

ሥራው ሳይጀመር እያንዳንዱ ተማሪ የቱ ክምር ቀድሞ እንደሚሞቅ፣ ለምንም እንደሆነ ደብተሩ ላይ ይጻፍ፤ መምህሩ ይፈርምበት። ግምት ያልተጻፈበት ሥራ ቁፋሮ ብቻ ነው። በቅጣት መልክም አይሰጥ፤ አጥፍቶ መንሽ የያዘ ልጅ ቴርሞሜትሩን አያይም።

የቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር በቀጥታ ከተወጋ ይሰበራል። በብረት ዘንግ 30 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ክፈቱ፣ በሲባጎ አስራችሁ አውርዱት፣ 5 ደቂቃ ጠብቁ፣ እንዳወጣችሁ አንብቡ። የሜርኩሪውን አትጠቀሙ። ደህና ክምር በመጀመሪያው ሳምንት ከ50 ዲግሪ ያልፋል። ካልሞቀ ከመሃሉ አንድ እፍኝ ጨምቁ፤ ጣት ካላራሰ ውኃ፣ እርጥበቱ ልክ ከሆነ ደግሞ እበት ወይም ለምለም ሣር ይጎድለዋል።

ሁለተኛው ክምር መሽተቱ አይቀርም፤ እርጥቡ ተጣብቆ አየር ያሳጣዋል። መምህሩ አይቶ እንዳላየ ይለፍ። ቅዳሜ ቅዳሜ ክምሩ አጠገብ 20 ደቂቃ ቆማችሁ ግምቱን ከቁጥሩ ጋር አስተያዩ፤ ጭድ ጨምሮ ማገላበጥ እንዳለበት ተማሪዎቹ ራሳቸው ይድረሱበት።

ጠቁሮ የአፈር ሽታ ሲይዝ 10 የጎመን ዘር በኮምፖስቱ፣ 10 በተራ አፈር ዝሩ። ኮምፖስቱ ላይ የበቀለው በጣም ካነሰ ገና አልበሰለም፤ ሦስት ሳምንት ቆይታችሁ ደግማችሁ ዝሩ።