ተመልካቹ ራሱ የሚገባበት የመብት ቴአትር እንዴት ይሠራል?

ስለ መብት የሚሠሩ አብዛኞቹ የአደባባይ ድራማዎች የሚበላሹት መጨረሻቸው ላይ ነው። በዳዩ ይታሰራል፣ የተበደለችው ታሸንፋለች፣ አንድ ሰው ወጥቶ ይመክራል፣ ሕዝቡም አጨብጭቦ ይበተናል። በማግስቱ ያው በደል ሥራ ቦታዋ ላይ የሚጠብቃት ሠራተኛ ግን ምን ብላ አፏን እንደምትከፍት አሁንም አታውቅም። ፎረም ቴአትር ይህን ይገለብጠዋል። ታሪኩ በሽንፈት ያልቃል፤ ከዚያ እንደገና ይጀመርና ተመልካቹ ገብቶ ይሞክረዋል። ዘዴውን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዳበረው ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል ነው። መብራትም መጋረጃም አይጠይቅም።

ጉዳዩን አጥብቡ። «የሴቶች መብት» ለአንድ ድራማ በጣም ሰፊ ነው። «የእሑድ ኦቨርታይሟ ያልተከፈላት የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ» ቢባል ግን ይበቃል፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ለተመረቀባት ኮምቦልቻም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ከ8 እስከ 12 ሠራተኞችን ቡና አፍልታችሁ አዳምጡ፤ ሴቶቹን ለብቻ፣ ወንዶቹን ለብቻ። «ችግራችሁ ምንድን ነው?» ከማለት «ባለፈው ወር ደመወዝ ስትቀበሉ ምን ተባላችሁ?» ብትሉ ብዙ ትሰማላችሁ። የአንዲትን ሰው ታሪክ እንዳለ አትውሰዱ። ቢያንስ ሦስት ታሪክ አዋህዱ፤ ስሙን፣ ሰፈሩን፣ የሥራውን ዓይነት ለውጡ። አንድ የማምረቻ መስመር (ላይን) ላይ የሚውሉ ሰዎች ከአንዲት አነጋገር ባለታሪኳን ይለዩዋታል፤ እንጀራዋ ላይ መጫወት ይሆናል።

ሕጉን አጣሩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ኦቨርታይም ከጧቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በበዓል ቀን በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። የክፍያ ጥያቄው በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ተብሎ ይቀራል ማለት ነው። እነዚህን ቁጥሮች ተዋናዮች አፍ ውስጥ አትክተቱ፤ ድራማው ወዲያው ሥልጠና ይመስላል። አወያዩ (ድራማውን ከሕዝቡ ጋር የሚያገናኘው ሰው) በወረቀት ይያዛቸውና ሲያስፈልግ ብቻ ያውጣቸው።

ታሪኩን ገንቡ። 5 ወይም 6 ተዋናይ፣ ሦስት ትዕይንት፣ በድምሩ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። በመጀመሪያው ሱፐርቫይዘሩ ባለታሪኳን ዘምዘምን «እሑድ ትገቢያለሽ» ይላታል፤ ታመነታለች፣ ጓደኛዋ ግን ቀድማ እሺ ትላለች። በሁለተኛው የደመወዝ መክፈያው (ፔይሮሉ) ላይ የእሑዱ ክፍያ የለም፤ ዝም ብላ ትፈርማለች። በሦስተኛው አከራይዋ እትዬ ሐዋ ኪራይ ይጠይቃሉ፣ አብረዋት የሚኖሩትም ያንኑ ገንዘብ ያጡ ናቸው፤ አንዷም አታነሳውም። በየትዕይንቱ ዘምዘም ሌላ ነገር ልታደርግ የምትችልበት አንድ ቅጽበት በግልጽ መታየት አለበት። ያ ከሌለ ተመልካቹ የሚገባበት ቀዳዳ አያገኝም።

ሱፐርቫይዘሩን ሰይጣን አታድርጉት። እሱንም ከላይ ታርጌት የሚያስጨንቀው ሰው ይሁን። ያለበለዚያ የሚገባው ሁሉ ሰድቦት ይወጣል እንጂ ምንም አይሞክርም። ከሁሉም የሚከብደው የሱ ሚና ስለሆነ ለጎበዙ ተዋናይ ስጡት፦ ለደካማ ሙግት የማይረታ፣ ለብርቱ ሙግት ግን ትንሽ ትንሽ የሚለሳለስ።

ሁለት ሁለት ሰዓት የሚፈጅ 8 ልምምድ ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ንግግር ሳይኖር ሁኔታውን ቆመው በአካላቸው ብቻ ያሳዩ። በመጨረሻዎቹ ሦስቱ ደግሞ ከቡድኑ አንድ ሰው ሳያስጠነቅቅ እየገባ ዘምዘምን ይተካ።

ቦታና ሰዓት። ኮምቦልቻ ላይ እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ይመረጣል። የቀትሩ ሶላት (ዙህር) ተሰግዷል፣ ቤተ ክርስቲያን የሳመውም ምሳውን በልቷል፤ ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው የአስር ሶላት በፊት ማለቅ አለበት። ደሴ ላይ በክረምት አዳራሽ ፈልጉ፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉምና ዝናብ ከሰዓት በኋላውን አያስተማምንም። ከቀበሌው የፈቃድ ደብዳቤ ያዙ፤ ኮፒውም ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን። ባለሥልጣን ንግግር እንዲከፍት ግን አትጋብዙ። ሕዝቡ ስብሰባ ነው ብሎ አፉን ይዘጋል (የቀበሌ ስብሰባ የለመደ ይህን ያውቀዋል)።

መጫወቻው 6 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይሁን። ያለ ማይክ እስከ 150 ሰው ይሰማል። ሕፃናት ከፊት ምንጣፍ ላይ ይቀመጡ፤ ለእናቶችና ለአዛውንት ከፊት በአንድ ጎን አግዳሚ አዘጋጁ። ይህ ካልተደረገ ሴቶቹ ከኋላ ቆመው ይቀራሉ፣ ከኋላ ያለ ደግሞ አይገባም። ከመጀመሩ በፊት በስልክ መቅረጽ ክልክል መሆኑን ተናገሩ። የሠራተኛዋ ፊት በዚያው ማታ ቲክቶክ ላይ ከወጣ ሁለተኛ ማንም አይገባላችሁም።

በዕለቱ። በከበሮና በጭብጨባ ሰዉን ሰብስቡ። ድራማውን አንድ ጊዜ ሳታቋርጡ ተጫወቱ። አወያዩ «እንዲህ ነው ወይስ አጋነንን?» ብሎ ይጠይቅ። ከዚያ ከመጀመሪያው ይደገም፤ ማንም «ቁም!» ብሎ ዘምዘምን ይተካል። ሱፐርቫይዘሩን መተካት አይፈቀድም፤ እሱ ደግ ከሆነ ችግሩ በተአምር ጠፋ ማለት ነው።

ብዙው ሰው ከተቀመጠበት መምከር ይወዳል። «አባባ፣ እስቲ ይግቡና ያሳዩን» ይባሉ። ዝምታ ከሰፈነ ጎን ለጎን ያሉት ለ3 ደቂቃ እንዲነጋገሩ አድርጉ። የመጀመሪያው ገቢ ብዙውን ጊዜ ይጮሃል፤ ይጩህ። ሱፐርቫይዘሩ «ነገ እንዳትመጪ» ይላል፣ አወያዩም ወደ ሕዝቡ ዞሮ «ምን አገኘች? ምን አጣች?» ይላል። ያኔ ነው «ብቻዬን አልሄድም፣ ስድስት ሆነን እንጠይቅ» ወይም «የገባሁበትን ሰዓት ደብተር ላይ ጽፌያለሁ» የሚሉት የሚመጡት። በ45 ደቂቃ ከ4 እስከ 6 ሙከራ በቂ ነው።

አንዲት ሴት የገዛ በደሏን መተረክ ከጀመረች በአክብሮት አቋርጧት፤ አስቀድማችሁ ያዘጋጃችኋት ሴት ለብቻ ታነጋግራት። አስገድዶ መድፈርን በዚህ ዘዴ አትሥሩ። ተመልካቹን በተጠቂዋ ቦታ አስገብቶ «እስቲ ሞክሪ» ማለት ጥፋቱን በተዘዋዋሪ እሷ ላይ መጣል ነው።

የቀረቡትን ሐሳቦች በዚያው ዕለት ጻፉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እዚያው ተመልሳችሁ ማን ምን እንደሞከረና ምን እንደተመለሰለት ጠይቁ፤ ሱፐርቫይዘሩ የሚሰጣቸውን መልሶችም በሰማችሁት ልክ አስተካክሉ።