የማብራሪያ ጥያቄ ለምታርሙ መምህራን
መምህራን፣ የማብራሪያ ጥያቄ ስታርሙ የአንዱን ልጅ ወረቀት ከላይ እስከ ታች ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ። መጀመሪያ የሁሉንም 1ኛ ጥያቄ ብቻ እረሙ፣ ከዛ ወረቀቱን በውዛችሁ 2ኛውን፣ እንደዛ እያላችሁ ቀጥሉ። ምክንያቱም ልጁ 1ኛውን አሳምሮ ከመለሰ 2ኛው ላይ ሳናውቀው እጃችን ይላላል፣ ካበላሸም በተቃራኒው። ስም ያለበትን ጥግም ወደ ኋላ እጠፉት።

እኔ 60 ምናምን ወረቀት ይዤ ቁጭ ስል በጊዜ ያረምኩትና ማታ ደክሞኝ ያረምኩት ለየቅል ነበር፣ አንድ አይነት መልስ ለአንዷ 4 ለሌላዋ 2 ሰጥቼ ልጆቹ ጎን ለጎን አድርገው ሲያሳዩኝ በጣም ነው ያዘንኩት።

ማርኩንም ዝም ብላችሁ ከ5 አትበሉት፣ ለትርጉሙ 1፣ ለምክንያቱ 2፣ ለምሳሌው 2 ብላችሁ ፈተናው ሳይሰጥ በፊት ከፋፍሉት፣ ጥያቄ ወረቀቱ ላይም ፃፉላቸው፣ ምን እንደሚጠበቅበት ያላወቀ ልጅ ገፅ ሙሉ ፅፎ ነጥቡን ሊስት ይችላል። የእጅ ፅሁፍ ማማር ግን ማርክ የለውም፣ የፅሁፍ ትምህርት ካልሆነ በቀር። ምርጫ ላይ ደሞ ጎበዞቹ በሙሉ የሳቱት ጥያቄ ካለ አንሰር ኪውን ድጋሚ እዩት፣ ብዙ ጊዜ ስህተቱ እዛ ነው ያለው።