አስታማሚዎች አልጋ አጠገብ የምንሠራቸው ስህተቶች

አክስቴን ሳስታምም በሁለተኛው ቀን ጉሉኮሱ የዘገየ መሰለኝ። ቱቦው ላይ ያለችውን ትንሽ ጎማ ገፋ አድርጌ ከፈትኳት። ሲስተሯ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ጎማዋን መለሰችና ሰዓቷን እያየች ጠብታ መቁጠር ጀመረች። ከዚያ ወዲህ ነው የሆስፒታል ዕቃ ቅርጹን ልብ ብዬ ማየት የጀመርኩት።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው የኔው ነው፤ ጉሉኮስ «ቶሎ ይለቅ» ብሎ መክፈት። ከጉሉኮሱ ላስቲክ ሥር ያለችው ክፍል ብርሃን የምታሳልፈው ጠብታ እንዲቆጠርባት ነው። በተለመደው የአዋቂ ቱቦ 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በደቂቃ 20 ጠብታ ከወረደ በሰዓት 60 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። 1 ሊትር ለመጨረስ ከ16 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ረጅም ነው፤ ግን ልቡ ወይም ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ባንዴ የገባ ፈሳሽ ሳንባ ላይ ይጠራቀማል። ያቺ ክፍል እስከ ግማሽ ብቻ የምትሞላውም በምክንያት ነው። ጢም ካለች ጠብታው አይታይም፣ ባዶ ከሆነች አየር ወደ ቱቦው ይወርዳል።

ላስቲኩ ከፍ ብሎ የሚሰቀለው ፈሳሹ በገዛ ክብደቱ የደም ሥሩን ግፊት እንዲያሸንፍ ነው። ሽንት ቤት ሲሄዱ በወገባቸው ልክ ይዘውት ደም ቱቦው ውስጥ ሲመለስ «ኧረ ሲስተር!» የሚሉ ብዙ ናቸው።

የሽንት ከረጢት ደግሞ ተቃራኒው ነው። በሽተኛው ወደ ራጅ ሲወሰድ «ይመቸው» ብለን ጭኑ ላይ እናስቀምጥለታለን። ይሄ ከሁሉም የከፋው ይመስለኛል። ከረጢቱ ከፊኛ በላይ ከሆነ የቆየ ሽንት ወደ ውስጥ ሊመለስ ይችላል፤ ኢንፌክሽንም ይዞ ይገባል። ብዙዎቹ ከረጢቶች ሽንት እንዳይመለስ የሚከለክል ክዳን አላቸው፣ ግን ቱቦው ውስጥ የቀረውን አያግደውም። መስቀያ ያለው የአልጋው ብረት ላይ ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል ነው። ወለል ላይም አይቀመጥ። መክፈቻው ከታች ነው፤ መሬት ሲነካ ቆሻሻ ያነሳል።

ጣት ላይ የምትቆነጥጠው የኦክስጅን መለኪያ በአንድ በኩል ብርሃን ታበራለች፣ በሌላው በኩል ያለፈውን ትለካለች። ጠቆር ያለ ኩቴክስ ወይም ጥቁር ሂና ብርሃኑን ያዛባል። የቀዘቀዘ ጣትም እንዲሁ፤ ጋቢ ውስጥ አሙቁት። ግፊት በሚለካበት ክንድ ላይ ከሆነች ደግሞ ጨርቁ ሲነፋ ደም ይቆማል፣ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ቤተሰብ ይንጫጫል።

ግፊት ሲለካ የሹራብ እጅጌ መሰብሰብ ወይም የመለኪያውን ጨርቅ በላዩ ላይ ማሰርም ቁጥሩን ያሳስታል። የጨርቁ ስፋት ራሱ ታሪክ አለው። ጣሊያናዊው ሐኪም ሪቫ ሮቺ እ.ኤ.አ. በ1896 የሠራው ጠባብ ስለነበር ግፊትን ከፍ አድርጎ ያሳይ ነበር። ጀርመናዊው ፎን ሬክሊንግሃውዘን በ1901 አሰፋው። ዛሬም ወፍራም ክንድ ላይ ትንሽ ጨርቅ ከታሰረ ያው ስህተት ይደገማል። ትልቁን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ አለ።

ዊልቸር ላይ የእግር ማስቀመጫውን ረግጦ መነሳት የለም። ወንበሩ ወደ ፊት ይገለበጣል። መጀመሪያ ፍሬን፣ ከዚያ ማስቀመጫውን ማጠፍ፣ ከዚያ ነው «ተነሺ አክስቴ» የሚባለው።