«እንዳይነገራት» እና ሌሎች ኬሞ ክፍል ውስጥ የማያቸው ስህተቶች

ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒት፣ በሚሰጥበት ክፍል በነርስነት ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። ያልለመድኩት አንድ ነገር አለ፦ የታማሚዋ ልጅ ቀድሞ ገብቶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «ሲስተር፣ ካንሰር የሚለውን ቃል እንዳትጠሪባት» ሲለኝ።

ትደነግጣለች ብሎ ነው፤ ይገባኛል። ግን እስቲ አስቡት። በየ21 ቀኑ ትመጣለች። ዙሪያዋን የተቀመጡት ሁሉ ሻሽ አስረዋል። አንዲት እናት «የጨጓራ መድኃኒት ነው» ተብለው ሦስት ዙር ወሰዱ። በአራተኛው ልጃቸው ካርድ ሊያወጣ ሲሄድ እጄን ያዝ አደረጉና «ልጄ፣ ጨጓራ ፀጉር ያረግፋል እንዴ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። «ተይው፣ አውቄዋለሁ። እሱ እንዳይደነግጥብኝ ብዬ ነው።» ልጁ ተመልሶ መጣና «ጨጓራዋ እንዴት ነው ሲስተር?» አለኝ፣ በዓይኑ ጠቀስ አድርጎ። እናትየው ወደ መስኮቱ ዞሩ። አንድ ቤት እያደሩ ለየብቻ የሚያለቅሱ ሁለት ሰዎች!

መንገር ማለት ፊት ላይ መወርወር አይደለም። «ምን ያህል ማወቅ ትፈልጊያለሽ?» ተብሎ ይጠየቃል። አንዳንዱ ሁሉንም ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ጥቂቱ ይበቃዋል። ምርጫው ግን የታማሚው ይሁን።

እኔስ? የገዛ አክስቴን «እጢ ነው» ብዬ የሸነገልኳት እኔው ነኝ።

ጠያቂዎች ደግሞ አሉ። ብርቱካናቸውን ሳያስቀምጡ «የኛም ጎረቤት ይሄው ነበር ያመማት፣ ነፍሷን ይማረውና...» ይጀምራሉ። ምነው! የሠፈር ወሬ ጠፋ?

ያልተነገረ ነገር ከበሽታው በላይ ያስደነግጣል። ዶክሶሩቢሲን የሚባለው ቀይ መድኃኒት ሽንትን ለአንድ ሁለት ቀን ያቀላል። ደም አይደለም። ይህን ሳያውቅ እኩለ ሌሊት ቤተሰቡን ሰብስቦ የተናዘዘ ሰው ገጥሞኛል። ፀጉር የሚያረግፈው ኬሞ ከሆነ ደግሞ፣ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ዙር ሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ይጀምራል። ቀድመው ያሳጠሩት፣ ትራስ ላይ በእፍኝ እንዳገኙት አይደነግጡም።

ጠበል? ሂዱ። በሁለት ዙር መሃል ተጠምቀው ፊታቸው ፈክቶ የሚመጡ ብዙ ናቸው። ችግሩ ቀጠሮ ሲቀር ነው። ከወራት በኋላ በሽታው ገፍቶ መመለስ ያሳፍራቸዋል፣ ጭራሽ ይቀራሉ። ኑ፣ አንቆጣም። (እሺ፣ ትንሽ እንቆጣለን።) «ጾም ስለሻርኩ ነው» እያላችሁ ራሳችሁን የምትቀጡም የንስሐ አባታችሁን አነጋግሩ። ለታመመ ሰው የሚሉት አያጡም።

ወንዶች፣ «ደህና ነኝ» ይቅር። እንቅልፍ እንደሌላችሁ የሚነግሩን ሚስቶቻችሁ ናቸው። ሁለት ሳምንት የዘለቀ ድባቴ ለሐኪም ይነገራል፣ መድኃኒትም አለው።

አስታማሚዎች፣ ምሳ ብሉ። አንዱ ከጠዋት ጀምሮ እህል ሳይቀምስ ኮሪደር ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀና አልጋ ያዝንለት። እናቱ ግሉኮሷን በእጇ ይዛ፣ ዘንጉን እየገፋች ልትጠይቀው መጣች።